የቶርስቢ አውራጃ አዋሳኞች

ጋሼ ዘውገ የሞቱ ዕለት የእድራችን ጸሐፊ በስልካችን የላከው ማስታወቂያ ሦስት ስሕተት ነበረበት። የትውልድ ቦታቸውን ጎጃም አለው፤ ወሎ ነው። የታሪክ መምህር አላቸው፤ የጂኦግራፊ ናቸው። «በሮዝቪል ከተማ ለረጅም ዓመታት የኖሩ» ሲልም ጨመረ፤ እሳቸው ሮዝቪል ያድሩ ነበር እንጂ ኖረውባት አያውቁም። የኖሩት ከዚህ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ተነድቶ በሚደረስበት፣ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር በቀር ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር በሌለው፣ ቶርስቢ በሚባል ካውንቲ ውስጥ ነው። ማስታወቂያውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። ይህን ቢያዩ ስልካቸውን አንስተው ጸሐፊውን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደሚያስተምሩት አሰብኩና ሳቄ መጣ። ሐዘኑ የመጣው እንደማያዩት ሳስታውስ ነው።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። እኔ ያኔ ሻኮፒ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሳነሳ ወገቤን አጥቼ የወጣሁ ሰው ነበርኩ። አዲሱ ሥራዬ የገጠር በሽተኞችን በቫን ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ማመላለስ ሆነ። ድርጅቱ መንገዱን እንድለምድ ለአንድ ሳምንት ከጋሼ ዘውገ ጋር መደበኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ቀበቶዬን እንኳ ሳላስር ጀመሩኝ።

«ቶርስቢ አውራጃ በሰሜን በወንዝ፣ በምሥራቅ በሐይቆች፣ በደቡብ በባቡር ሐዲድ፣ በምዕራብ በሰማይ ይዋሰናል።»

«በሰማይ?»

«ስትደርስ ታየዋለህ።»

ስደርስ አየሁት። በምዕራብ በኩል ኮረብታ የለ፣ ዛፍ የለ፣ እርሻው ሄዶ ሄዶ ሰማዩ ላይ ያልቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተከራከርኳቸውም፤ ጥቅም ያለው ነገር አልነበረምና።

ለእሳቸው ካውንቲው አውራጃ ነው፣ በሥሩ ያሉት ቀበሌዎች ወረዳ ናቸው፣ ሸሪፉ የአውራጃ ፖሊስ አዛዥ ነው። «አገር ቤት አውራጃን አጠፉብኝ፤ እኔ ደግሞ እዚህ አገኘሁት» ይሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ። የቶርስቢ መሬት ድሮ ሲለካ በማስመሪያ እንደ ደብተር ወረቀት በእኩል በእኩል አራት ማዕዘን ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ቁጥር አለው፤ ሰው እርሻው የት እንደሆነ ሲጠየቅ ቁጥሩን ይናገራል። የጋሼ ዘውገ አባት ደግሞ ለአንድ ክንድ የድንበር መሬት ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው ናቸው።

«እኛ ዘንድ ወሰን ማለት ሰው ነው» ይላሉ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ። እገሌ ሲሞት ልጁ። እዚህ ቁጥር ነው። ቁጥር ለቅሶ አይደርስ!»

ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሰው መመለስ ሥራዬ ብለው ያዙ። ቫናቸው ላይ የወጣ በሽተኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ልጅ ሳሉ የቤትዎ አዋሳኞች እነማን ነበሩ?» ለዓመታት ከደም ግፊቱ በቀር ማንም ሌላ ነገር ጠይቆት የማያውቅ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ አይቆምም። በሰሜን እነ ኦልሰን፤ ላማቸው አጥር ትጥስ ነበር። በደቡብ አንዲት መበለት፤ ቁም ነገረኛ ሴት፣ በረዶ ሲጥል ገመድ ይዛ ነበር ወደ በረት የምትሄደው። ሐኪም ቤት በር ላይ ደርሰን በሽተኞቹ ታሪካቸውን ሳይጨርሱ አንወርድም እያሉ ያስቸግሩ ነበር። ቫኖቹን የሚያሰማራው ዲስፓች ስንት ጊዜ ደውሎ ጮኸባቸው። እሳቸው ግን በሽተኛው እስኪታከም መኪና ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብለው ባለ ካሬ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ ሳውቃቸው ሦስተኛው ላይ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሰባት ደርሶ ነበር።

ወገኖቻችን ይህን ሁሉ እንዴት እንደተቀበሉት ልናገር። «አውራጃው» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ሠርግ ላይ እሳቸው የተቀመጡበት ጠረጴዛ የደረሰው ሰው ምግቡን ቶሎ ይጨርሳል። ልጃቸው ሕሊና፣ ምስኪን፣ ገና «የቶርስቢ ሁለተኛው ዋና ከተማ የተዛወረበት ምክንያት» ሲሉ ከክፍሏ ሆና «ዳድ፣ ኖባዲ አስክድ!» ትላለች። «ያልጠየቁትን ማስተማር ነው መምህርነት» ይሏታል። እሷም በሩን ትዘጋለች።

ስሕተት ሰምተው ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። አንድ እሑድ አባ ሲሰብኩ ሰውዬው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሽቅብ እንደወጣ ተናገሩ። ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ዘውገ መስቀል ተሳልመው «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ ቁልቁል ነው» አሏቸው። አባ ፈቷቸው፤ የፈቷቸው ግን ትንሽ ቆይተው ነው።

ቶርስቢም አልተረፈችም። የአውራጃዋ ዋና ከተማ ላይ የድሮው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈት አንድ ሙዚየም አለ። የምትጠብቀው ማርጅ የምትባል ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ጋሼ «ወይዘሮ ማርጅ» ይሏት ስለነበር እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። በሩ አጠገብ የአንድ ጢማም ኖርዌያዊ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሥሩ «በዚህ ምድር የኖሩ የመጀመሪያው ሰው» ይላል። ጋሼ ዘውገ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት።

«ወይዘሮ ማርጅ፣ የመጀመሪያው ሰው እኚህ ከሆኑ፣ እዚያ መስታወት ውስጥ ያስቀመጡትን የድንጋይ ፍላጻ ማን ጣለው?»

«እሱማ የዳኮታ ነገድ ሰዎች ነው።»

«ዳኮታዎቹ ታዲያ ምን ነበሩ?»

ወይዘሮ ማርጅ ፊታቸው ቀላ። ጽሑፉን ለመለወጥ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ፤ በሦስተኛው ተለወጠ። «ባዶ መሬት የሚባል ነገር የለም» አሉኝ ጋሼ ስንመለስ፤ «ያልተጠየቀ ባለቤት ነው ያለው።» ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ አዲስ ነገር ሲጽፍ ሳይለጥፍ በፊት ለእሳቸው ይልክ ጀመር። በቀይ ብዕር አርመው ይመልሱታል።

አሁን ወደ አቶ አርቪድ ልምጣ። አቶ አርቪድ ወደ ዘጠና የሚጠጉ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ልብ ሐኪም እናመላልሳቸዋለን። የተወለዱት ኖርዳል በምትባል መንደር ነው፤ የባቡሩ መስመር በሌላ በኩል ሲያልፍ መንደሯ ተበተነች፣ ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች፣ ዛሬ ቦታው የበቆሎ እርሻ ነው። እናታቸው የሞቱት እሳቸው የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ተቀበሩ፤ ምልክታቸው የእንጨት መስቀል ነበር። እንጨቱ በሰበሰ፣ መሬቱ ተሸጠ፣ ማረሻ አለፈበት።

አንድ ጠዋት፣ እኔም ተረኛ ረዳት ሆኜ ከኋላ ተቀምጬ፣ አቶ አርቪድ ስለ ዝናብ በሚናገሩበት ድምፅ እንዲህ አሉ፤ «ሐኪሙ እስከ መከር ብትደርስ ነው አለኝ። እናቴ አጠገብ ብቀበር ደስ ይለኝ ነበር። የት እንዳለች ግን የሚያውቅ የለም።»

ጋሼ ዘውገ ቫኑን ዳር አስይዘው አቆሙ። ቀጥለው «ባለ መሬቱ ማነው?» አሉ።

ባለ መሬቱ ዌይን የሚባል ገበሬ ነው፤ መሬቱን የገዙት አያቱ ናቸው። የአቶ አርቪድ የእህት ልጅ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋለት፣ «እኔ መሬት ላይ መቃብር የለም» ብሎ በአንድ መስመር መልሶላታል። የካውንቲው ጽሕፈት ቤትን ስንጠይቅ ሁለት ነገር ያስፈልጋል አሉን። ዌይን ቦታውን ለመቃብር ለይቶ መፈረም አለበት፤ የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መቃብሩ የት እንደነበረ በማሐላ ቃሉን መስጠት አለበት። ሁለቱ ካልተሟሉ አቶ አርቪድ ከተማ ውስጥ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መሀል ይቀበራሉ።

«ደብዳቤ!» አሉ ጋሼ ዘውገ፤ ከሁሉም በላይ የከነከናቸው ይህ ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ ይጠየቃል? እምቢ ቢል ምን ይገርማል? ሽማግሌ ነው የሚላክ።»

«ጋሼ፣ ሰው ግቢ ዝም ተብሎ አይገባም እዚህ። ፖሊስ ኮል ያደርጉብናል።»

«ዝም ብለን ማን ገባ አለህ? ሰላምታ እየሰጠን ነው የምንገባው።»

ችግሩ ሽማግሌ ማግኘት ነበር። ከጠየቋቸው ሁሉ አንዱ ብሉሚንግተን ሆቴል ሺፍት አለኝ አለ፣ አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዱ ስልኩን አላነሳም። እሺ ያሉት ሴንት ፖል ትንሽ ሱቅ ያላቸው የአርሲው ሐጂ አብዱ ብቻ ናቸው።

«ለሬሳ ነው?» አሉ ሐጂ። «እናት አጠገብ ለመቀበር? ይህማ ኃጢአት ነው እምቢ ማለት። እንሄዳለን፣ ወላሂ።»

ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን አለበት። በአርባ አንድ ዓመቴ ለሽምግልና የበቃሁት በፀጉሬም በጥበቤም አይደለም፤ ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

በሰኔ ሙቀት ጋሼ ዘውገ በሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ሐጂ ኮፍያቸውን አድርገው ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ እንደ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ዌይን ግቢ ገባን። ዌይን ከትራክተሩ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየን፣ አየንና፣ «ሃይማኖት ከሆነ እኛ አለን» አለ።

ጋሼ ዘውገ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ጀመሩ። ስለ ጤናው ጠየቁ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ። «ከብት የለኝም» አለ ዌይን። ስለ ዝናቡ ጠየቁት። እዚህ ላይ ትንሽ ለዘብ አለ፤ ዝናብ ዘገየ ብሎ ያማረረ ገበሬ የትም አገር አንድ ነው። ከዚያ ጋሼ የመጡበትን ተናገሩ። ዌይን ፊቱን ቋጠረ።

«መልሻለሁ እኮ። እዚህ መቃብር የለም።»

በዚህ መሀል ሚስቱ ዶና ቡናና ጣፋጭ ኬክ በትሪ ይዛ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ወንበር አለ፣ ተቀመጡ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ።

በዚያ አገር ጨዋ እንግዳ ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል፤ ዶናም ምንኛ ጨዋዎች ናቸው ብላ ፈገግ አለች። ሁለተኛ ለመነች፤ አይሆንም አልን። ሦስተኛ ለመነች። ጋሼ ዘውገ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ሽማግሌ ነን። እሺ እስክትሉን አንቀመጥም፣ አንቀምስም» አሉ። የዶና ፊት ተለወጠ። ሦስተኛውን እምቢታ ቶርስቢ ውስጥ ማንም ሰምቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ሸሪፉ ጋ እደውላለሁ» አለ ዌይን።

«ደውል፤ ደግ ሰው ናቸው። የአያታቸውን እርሻ አዋሳኞች ጽፌላቸዋለሁ።»

ቆምን። ፀሐዩ ወጣ። የጋሼ ጋቢ ከአንገታቸው ላይ በላብ ራሰ፤ ሐጂ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ኬኩን አያለሁ። ዌይን ወደ ትራክተሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሰዓት ሊሞላ ሲል ዶና፣ «ዌይን፣ በእግዚአብሔር ይሁንብህ፣ ሰዎቹ የሚፈልጉትን ስጣቸውና ይቀመጡ!» አለች።

ጋሼ ዘውገ ይህን ሲጠብቁ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አያትህ ወሰን ገፍተዋል አላልንም» አሉት። «ማረሻው ነው የገፋው። ማረሻ ደግሞ ዓይን የለውም።» በደለኛን በር ከፍተው ካላስወጡት ታጥሮ ይዋጋል ይሉ ነበር ጋሼ። ዌይን በተከፈተለት በር በኩል ቀስ ብሎ ወጣ።

«ለመሆኑ የት ነው የምትሉት?» አለ። ዓይኑ የእርሻው መሀል ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ነበር።

ጋሼ የሐጂን ከዘራ ተቀብለው ሩቅ አመለከቱ። የእርሻው ዳር ጥግ ላይ ገበሬዎች ሲያርሱ የለቀሙት ድንጋይ ተከምሯል፤ አጠገቡ የሊላክ ቁጥቋጦ አለ፣ በጸደይ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው። «ሊላክ ራሱን አይተክልም» አሉ። «ሰው ከደጁና ከመቃብር በቀር አይተክለውም።»

«እዚያ ድንጋዩ ጋ? እዚያማ ማሽኑ ራሱ አይዞርም።» ዌይን ትንሽ አሰበ። «እሺ።»

ተቀመጥን። ሐጂ በኦሮምኛ መረቁ፤ ዌይን ምኑም ሳይገባው ኮፍያውን አወለቀ። ኬኩን ጨርሰን ዶና ሌላ አመጣች።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ዘውገ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። የኖርዳል መቃብር በዚያ ጥግ እንደነበረ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ በአማርኛ ፈረሙ። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጠው ሲያነሱት አይቼ ዕድሜ ነው አልኩ።

አቶ አርቪድ መከር ሳይደርስ ሞቱ። እዚያ ጥግ፣ ሊላኩ ሥር ቀበርናቸው። የአውራጃው ሰው እጁን አጣምሮ፣ ጫማውን እያየ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። ጋሼ ዘውገ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ሰዉ ደንግጦ ተያየ። ቀጥሎ ዶናም ለማታውቃቸው ሰው ጮክ ብላ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከእሷም ቀጥሎ ሌሎች።

ስንመለስ እየነዳሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ቦታውን ያለ ካርታ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው፤ ላሞግሳቸው ፈልጌ ነው።

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«አቶ አርቪድን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሦስት ቦታ ነው ያሳዩኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስቱም ጋ ሊላክ አለ።»

«ታዲያ ይህኛውን ለምን መረጡ?»

«አንደኛው ላይ መንገድ አልፎበታል። ሁለተኛው የሰውዬው ምርጥ አፈር ነው፤ ሺህ ሽማግሌ ቢቆም አይሰጥም። ሦስተኛው ሊሰጥ የሚችለው ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። አባን በኢያሪኮ ያላለፉ ሰው፣ የሙዚየሙን ግድግዳ ያስለወጡ ሰው!

«ማሐላውስ ጋሼ?»

«ንስሐ ገባሁበት። አባ መጀመሪያ ቶርስቢ የት ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው።»

«ምን ያህል ፈጀ?»

«አርባ ደቂቃ።» ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሠላሳ ዓመት የልጆችን ስሕተት በቀይ ስሰርዝ የኖርኩ ነኝ። ይቺን የሚሰርዝልኝ ማነው?»

ያን ቀን እኚህን ሰው ከዚያ በፊት ካከበርኳቸው ይልቅ ወደድኳቸው። ስንት ዓመት ሲያሰለቹን እውነት ብቻ የሚወዱ መስሎን ነበር፤ ለአንድ ሽማግሌ ብለው እሷኑ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንድም ጊዜ አላነሱት፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

መንፈቃቸው በወጣ በሳምንቱ ወይዘሮ ማርጅ ደወሉልኝ። ሕሊና ሰባቱን ደብተሮች ለሙዚየሙ ሰጥታ ነበር፤ ለካስ ሁሉንም ታነባቸው ኖሯል፤ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል የአጎቷን ሚስት እያስነበበች። ወይዘሮ ማርጅ ሕሊና ወደ እንግሊዝኛ በመለሰችላቸው ላይ ሁለት ወር ቁጭ ብለው ነበር።

«ድንጋይ ልናቆም ነው» አሉኝ፤ «የኖርዳል መቃብር፣ አርቪድና እናቱ የሚል። ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ደብተሮቹ ውስጥ የኖርዳል የውኃ ጉድጓድ ሳይቀር አለ፤ መቃብሩ ግን የለም። ጽሕፈት ቤት ምለው የፈረሙበትን ነገር ደብተራቸው ላይ አልጻፉትም። እሳቸው ደግሞ እርግጠኛ ያልሆኑትን የማይጽፉ ሰው ነበሩ። ከመሬት በታች የሚያይ መሣሪያ ያለው ሰው አለ፤ ና ቢባል ይመጣል። ድንጋዩ አንዴ ከተቀረጸ አይታረምም። አንተ አብረሃቸው ነበርክ። አርቪድ እናቱ አጠገብ ነው?»

ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቫኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተቀምጠው ቀበቷቸውን እስካስርላቸው ይጠብቃሉ። መሣሪያው ቢመጣ ምን እንደሚያገኝ አላውቅም፤ ጋሼም አያውቁም ነበር። አሁን አቶ አርቪድ ብቻ ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ ተኝተዋል።

«አጠገቧ ነው» አልኳቸው። «ይቅረጹት።»